የተራራን ቅርጽ ካርታ ላይ አውጥቶ ዕድገቱን ማንበብ፦ ከሳነቲ አምባ ደረጃ በደረጃ

የተራራ ካርታ የሚሠሩ ብዙ ጀማሪዎች አንድ ቦታ ላይ ይወድቃሉ። የሳተላይት ምስል ይከፍታሉ። ሸለቆ ውስጥ የተከመረ ድንጋይ ያያሉ። ወዲያው «ሞሬን» ብለው ይጽፉበታል፤ የበረዶ ግግር ገፍቶ ያመጣው ክምር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ያቺን ቃል ለማዳን የሚደረግ ትግል ይሆናል። መስክ ሲወጡ ክምሩ ናዳ ሆኖ ይገኛል፤ ካርታውም ታሪኩም አብረው ይፈርሳሉ።

እዚህ የምንሠራው በተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ቅርጹን ትስላላችሁ። ማን እንደሠራው ቀጥሎ፣ መቼ የሚለው ደግሞ ከሁሉም በኋላ ይመጣል። ምሳሌዬ ባሌ ነው፤ የሳነቲ አምባና ከሱ ወደ ሰሜን የሚወርዱት ሸለቆዎች። እሳተ ገሞራው፣ በረዶው፣ ውርጩ፣ ወንዙና ፍልፈሉ አንድ ላይ አሻራቸውን የተዉበት ቦታ ስለሆነ ለመማሪያ ይመቻል፤ ለመሳሳትም እንደዚያው። ሰሜን ተራሮች ወይም አቡነ ዮሴፍ ላይ የምትሠሩም ቅደም ተከተሉን ሳትቀይሩ መከተል ትችላላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ስፍራውን አጥብቡ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያን ሁሉ ልሣል የሚል ሰው ምንም ሳይስል ይቀራል። ለመጀመሪያ ጊዜ 5 በ5 ኪሎ ሜትር ይበቃል። ጥሩ ምርጫ አንድ ሸለቆ ከራሱ እስከ እግሩ ነው። ለምሳሌ በ3,950 ሜትር ላይ ካለው የጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ተነሥቶ የቶጎናን ሸለቆ ተከትሎ መውረድ ይቻላል።

መለኪያውን ወስኑ። 1፡25,000 ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው። በዚህ መለኪያ ካርታ ላይ 1 ሚሊ ሜትር መሬት ላይ 25 ሜትር ነው። ስለዚህ ከ50 ሜትር የሚያንስ ነገር እንደ ስፋት አይሣልም፤ በመስመር ወይም በምልክት ይወከላል። ይህን አስቀድማችሁ ካልወሰናችሁ ግማሹ ካርታ በጠጠር ይሞላል፣ ሌላው ግማሽ ባዶ ይቀራል።

የሚያስፈልጓችሁ፦

- ኪውጂአይኤስ የተባለው የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር የተጫነበት ኮምፒውተር። ሶፍትዌሩ ነጻ ነው።
- የከፍታ ሞዴል፤ የእያንዳንዱን ነጥብ ከፍታ የያዘ ፋይል ማለት ነው። የኮፐርኒከስ 30 ሜትር ሞዴል በነጻ ይወርዳል።
- የሳተላይት ምስል። ለአጠቃላይ ዕይታ ሴንቲኔል 2 (10 ሜትር)፣ ለዝርዝር ጉግል ኧርዝ።
- የ1፡50,000 የመንግሥት ካርታ፣ ካገኛችሁ። ዋናው ጥቅሙ የወንዝና የቦታ ስም ነው።
- ለመስክ፦ ስልክ ከኪውፊልድ (ከኪውጂአይኤስ ጋር የሚሠራ የስልክ መተግበሪያ) ጋር፣ ኮምፓስ፣ የእርሳስ ማስታወሻ ደብተር፣ ሜትር፣ መዶሻ።

ፈቃድ ቀድማችሁ ጨርሱ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ነው። ድንጋይ መስበርም ሆነ ናሙና መውሰድ ለብቻው ይጠየቃል። ድሮን ያለ ፈቃድ ይዛችሁ አትሂዱ፤ መዘዙ ብዙ ነው።

ደረጃ 1፦ መደቡን አዘጋጁ

1. አዲስ ፕሮጀክት ክፈቱ። የመጋጠሚያ ሥርዓቱን ደብሊውጂኤስ 84 ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን አድርጉ። ሶፍትዌሩ ውስጥ የምትፈልጉበት መለያ ቁጥር ኢፒኤስጂ 32637 ነው።
2. የከፍታ ሞዴሉን አስገቡና ወደዚሁ ሥርዓት ቀይሩት። ሳትቀይሩት ተዳፋት ብታሰሉ ሶፍትዌሩ ዲግሪንና ሜትርን ያደባልቅና ሁሉንም ገደል አድርጎ ያሳያችኋል።
3. ከሞዴሉ ሁለት የጥላ ካርታ (ሂልሼድ) አውጡ። አንዱ ብርሃኑ ከ315 ዲግሪ፣ ሌላው ከ45 ዲግሪ ይምጣ። የብርሃኑ ከፍታ 35 ዲግሪ ገደማ ይሁን።
4. የተዳፋት ካርታ አውጡ። በአምስት ቀለም ክፈሉት፦ 0–5፣ 5–15፣ 15–30፣ 30–45፣ ከ45 በላይ።
5. የ20 ሜትር የከፍታ መስመሮች ጨምሩ።

ሁለት የጥላ ካርታ የሚወጣው ከብርሃኑ ጋር በአንድ አቅጣጫ የተዘረጋ ሸንተረር ስለሚጠፋ ነው። በአንዱ የጠፋው በሌላው ብቅ ይላል። በአንድ ብቻ የሠራ ሰው ሳያውቀው ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላ ካርታ ያወጣል።

ሲበላሽ፦ የድሮው የ1፡50,000 ካርታ ከምስሉ ጋር አልገጥም ካለ፣ ወንዙ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ከመቶ ሜትር በላይ ተንሸራትቶ ከታየ፣ ችግሩ ካርታው የተሠራበት አዲንዳን የሚባለው የቀድሞ የመጋጠሚያ መነሻ (ዳተም) ነው። ካርታውን በኢፒኤስጂ 20137 አስገቡና ከዚያ ቀይሩት። በእጅ እየጎተታችሁ ለማስተካከል አትሞክሩ። አንድ ጥግ ሲገጥም ሌላው ይሄዳል።

ደረጃ 2፦ ዐይናችሁን አስተካክሉ

ይህን ደረጃ የሚዘልል ሰው ብዙ ነው። ሴንቲኔል 2 በእኛ ሰማይ ላይ የሚያልፈው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በታኅሣሥና በጥር ፀሐይዋ በዚያ ሰዓት በደቡብ ምሥራቅ በኩል ናት። ጥላው ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወድቃል። የሰው ዐይን ደግሞ ብርሃን ከላይ እንደሚመጣ ነው የሚገምተው። ውጤቱ ሸለቆው ሸንተረር፣ ሸንተረሩ ሸለቆ ሆኖ መታየቱ ነው። እነዚህ ወራት ደመና የሌለባቸው ስለሆኑ ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚያወርደው የእነሱን ምስል ነው።

1. የምታውቁትን ወንዝ ምስሉ ላይ ፈልጉ። ጉብታ ላይ የሚሄድ ከመሰላችሁ ምስሉ ተገልብጦባችኋል።
2. ምስሉን 180 ዲግሪ አዙሩት። ሰሜን ወደ ታች ይሁን። ወዲያው ይስተካከላል።
3. የጥላ ካርታውን ከምስሉ በታች አድርጉና ምስሉን ግማሽ ግልጽ አድርጉት። ይህ ሲሆን ማዞር ላያስፈልግ ይችላል።
4. በጉግል ኧርዝ ላይ የከፍታ ማጋነኛውን 1 አድርጉት። 3 ላይ ከተዋችሁት ዝቅ ያለ ኮረብታ ሁሉ ገደል ይመስላል።

ደረጃ 3፦ መስመር ብቻ ሳሉ

አሁን መሳል ትጀምራላችሁ። «ሞሬን»፣ «ናዳ»፣ «ላቫ» የሚሉ ቃላት ግን እስከ ደረጃ 5 ድረስ የተከለከሉ ናቸው።

1. አንድ የመስመር ሌየር (ንብር) ክፈቱ። ሦስት ዓይነት ብቻ ይኑረው፦ የሸንተረር ጫፍ፣ ዳገቱ የሚቀየርበት መስመር፣ የውሃ መሄጃ።
2. ከውሃ ጀምሩ። ወንዙን፣ ገባሩን፣ ደረቁን ቦይ ሁሉ ሳሉ። ውሃ ለመሳሳት የማይመች ስለሆነ ሌላውን ለመስቀል ጥሩ አጥንት ይሆናል።
3. ቀጥሎ የሸንተረር ጫፎች። ትንንሾቹንም ጭምር። ሸለቆ ውስጥ ከሸለቆው ጎን ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ረጅም ቀጭን ጉብታ ካያችሁ ሳሉት፤ ስም ግን አትስጡት።
4. ከዚያ ዳገቱ የሚቀየርበት መስመር። ለጥ ያለው ወደ ቁልቁለት የሚታጠፍበት ከንፈር አንድ ዓይነት ነው። ቁልቁለቱ ወደ ለጥ የሚመለስበት እግር ሌላ ዓይነት ነው። ሁለቱን በተለያየ ምልክት ለዩ።
5. እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን መስመር የተቆራረጠ አድርጉት። ምንም አያሳፍርም።

ሳነቲ ላይ ይህን ስትሠሩ አንድ ነገር ቶሎ ይታያችኋል። ከንፈርና እግር፣ ከንፈርና እግር እየተደጋገመ በየዳገቱ ደረጃ ይሠራል። እሳተ ገሞራው በየጊዜው ያፈሰሰው የላቫ ንጣፍ ነው፤ ጠንካራው ገደል፣ ለስላሳው መደብ ሆኖ ቀርቷል። እነዚህን ደረጃዎች አሁን በደንብ ካልሳላችሁ ኋላ ከበረዶ ሥራ ጋር ይምታቱባችኋል።

ሲበላሽ፦ መስመሮቹ በዝተው ጥቁር ድር ከመሰሉ፣ እያጎላችሁ ነው የሳላችሁት። ስክሪኑን 1፡15,000 ላይ ቆልፉ። ከዚያ በላይ ሳታጎሉ ድጋሚ እዩና እዚያ ላይ የማይታየውን ሰርዙ።

ደረጃ 4፦ ስፋቶቹን በቅርጽ ስም ሙሉ

1. የፖሊጎን (የዝግ ስፋት) ሌየር ክፈቱ። ዓምዶቹ እነዚህ ይሁኑ፦ ቁጥር፣ ቅርጽ፣ ገጽታ፣ ሠሪ፣ እርግጠኝነት፣ ማስታወሻ። «ሠሪ» የሚለውን ባዶ ተዉት።
2. እያንዳንዱን ስፋት በቅርጹ ጥሩ፦ «ለጥ ያለ መደብ»፣ «ሦስት ወገኑ ገደል የሆነ ጎድጓዳ»፣ «የደጋን ቅርጽ ያለው ክምር»፣ «ድንጋይ የበዛበት ዳገት»፣ «ረግረግ»።
3. በገጽታ ዓምድ ላይ የሚታየውን ጻፉ፦ ሣር፣ ባዶ ድንጋይ፣ ቁጥቋጦ፣ ውሃ የተኛበት።
4. እርግጠኝነትን በቁጥር ስጡ። 1 ከምስል ብቻ፣ 2 በመስክ ከሩቅ፣ 3 በእጅ ተነክቶ። አሁን ሁሉም 1 ነው።

የምስሉን ዓቅም እወቁ። በ30 ሜትር የከፍታ ሞዴል ላይ ከ90 ሜትር የሚያንስ ቅርጽ አይታመንም። የሳነቲን የድንጋይ መስመሮች ውሰዱ። ዝቅ ባለ ዳገት ላይ ቁልቁል የሚወርዱ፣ ጎን ለጎን የተሰለፉ የድንጋይ ጅራቶች ናቸው። ትልልቆቹ እስከ 1,000 ሜትር ይረዝማሉ፤ ስፋታቸው ግን 15 ሜትር ብቻ ነው። የከፍታ ሞዴሉ ጭራሽ አያያቸውም። በጉግል ኧርዝ ላይ ግን ልቅም ብለው ይታያሉ። ስለዚህ እያንዳንዱን ስፋት ቢያንስ በሁለት ዓይነት ምንጭ ሳታዩ አትዝጉት።

ደረጃ 5፦ ማን ሠራው?

አሁን «ሠሪ» የሚለውን ዓምድ መሙላት ትችላላችሁ። ደንቡ አንድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቅርጽ ቢያንስ ሁለት ተፎካካሪ ሠሪ ጻፉ፣ ከዚያ አንዱን የሚጥል ማስረጃ ፈልጉ። ብዙ ካርታ የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንሂድ።

ሞሬን፣ ናዳ ወይስ የላቫ ግንባር?

ሦስቱም ሸለቆ ውስጥ የደጋን ቅርጽ ያለው፣ ፊቱ ቀጥ ያለ ክምር ይሠራሉ። ከሰማይ ሲታዩ ወንድማማች ናቸው።

ናዳ ከሆነ ከበላዩ ጠባሳ አለ። ዳገቱ ላይ የተገመጠ ጎድጓዳ ፈልጉ፤ የጎደለው መጠን ከክምሩ ጋር በግምት መመጣጠን አለበት። ናዳ የሚወርደው ከሸለቆው ጎን ነው፤ ስለዚህ ክምሩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አንድ ወገን ያደላል፣ ወንዙን ወደ ማዶው ገፍቶት ይታያል።

ሞሬን ከሆነ ወደ ላይ የሚከተለው ነገር አለ። ከደጋኑ ጫፎች ተነሥተው በሸለቆው ግራና ቀኝ ወደ ላይ የሚሄዱ ረጃጅም ሸንተረሮች ይኖራሉ። በደረጃ 3 ስም ሳትሰጡ የሳላችኋቸው ቀጫጭን ጉብታዎች አሁን ይጠቅማሉ። ወደ ላይ ስትከተሏቸው ሦስት ወገኑ ገደል ወደሆነው ጎድጓዳ ከወሰዷችሁ ነገሩ ጠንክሯል። ያ ጎድጓዳ ሰርክ ይባላል፤ በረዶው የተወለደበት ቦታ ነው። የጋርባ ጉራቻ ሐይቅ የተኛው እንደዚህ ያለ ሰርክ ውስጥ ነው።

የላቫ ግንባር ከሆነ ድንጋዩ በቦታው የበቀለ ነው። ተቀላቅሎ የተከመረ አይደለም። ፊቱ ላይ እንደ አጥር እንጨት የቆሙ የባዛልት (ከላቫ የረጋ ጥቁር ድንጋይ) ዓምዶች ታያላችሁ። ባሌ ውስጥ፣ በተለይ በወብ ሸለቆና በራፉ አካባቢ፣ እንዲህ ያለ ላቫ ሞልቷል። ይህን ከምስል ብቻ መወሰን አይቻልም። «ላቫ ወይም ሞሬን፣ እርግጠኝነት 1» ብላችሁ ጻፉና መስክ ላይ ቅድሚያ ስጡት።

የሸለቆው ቅርጽ

«ሸለቆው ዩ (U) ስለሚመስል በረዶ ነው የቀረጸው» የሚለውን ብቻውን አትቀበሉ። ለጥ ያለ የላቫ ወለል ከሁለት ገደል ጋር ሲሆን ቁርጥ ዩ ይመስላል።

1. ሸለቆውን በየ500 ሜትሩ አቋርጣችሁ መገለጫ መስመር (የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ ከጎን የሚያሳይ) አውጡ። ኪውጂአይኤስ ላይ የመገለጫ መሣሪያ አለ።
2. መገለጫዎቹን ከላይ ወደ ታች ደርድሩ።
3. ከዩ ወደ ቪ (V) የሚቀየርበትን ቦታ ምልክት አድርጉ።
4. ያ ቦታ ከሞሬኑ ደጋን ጋር ተቀራርቦ ከተገኘ ሁለት ነጻ ማስረጃ አገኛችሁ። ብዙ ከተራራቀ አንዱ ተሳስቷል፤ መጀመሪያ የላቫውን ንጣፍ ጠርጥሩ።

ውርጭ የሠራው

የድንጋይ መስመሮቹ የውርጭ ሥራ ናቸው። መሬት ደጋግሞ ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥ ትልቁን ድንጋይ ከደቃቁ አፈር ይለያል። ግን ተጠንቀቁ። ዛሬ ሳነቲ ላይ ሌሊት ውርጭ ቢጥልም መሬቱን የሚያቀዘቅዘው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። 2 ሜትር ጥልቀት ያለውን የድንጋይ ጅራት የዛሬው ውርጭ አያንቀሳቅሰውም። ስለዚህ «ውርጭ፣ የቀድሞ» ብላችሁ ጻፉ። የዛሬና የቀድሞ ሠሪን በአንድ ቀለም መቀባት ታሪኩን በአንድ ምት ይገድለዋል።

ፍልፈል የሠራው

መቼም ይህን ሌላ ቦታ ካርታ የሠራ ሰው አይጠብቀውም። የባሌው ግዙፍ ፍልፈል አፈሩን እየቆፈረ ወደ ላይ ያወጣል፤ ክብ ክብ ጉብታ የሞላበት መሬት ይፈጥራል። ቀይ ቀበሮዋ እሱን አድና ስለምትኖር ባለበት እሷን የማየት ዕድል አለ። ለካርታ ግን ጣጣ ነው። ጉብታዎቹ ከምስል ሲታዩ በረዶ ሲቀልጥ የተወውን ወጣ ገባ መሬት ይመስላሉ። መለያው ድንጋዩ ነው። የፍልፈል ጉብታ ደቃቅ አፈር እንጂ ትልልቅ ቋጥኝ የለውም፤ ፍልፈል ቋጥኝ አይሸከምም።

ደረጃ 6፦ መስክ

ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ውጡ። ሌሊቱ ይበርዳል፣ ቀኑ ግን ጥርት ያለ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሐረና ደን በኩል ደመና ሊወጣ ስለሚችል ሥራችሁን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀምሩ።

ስለ ከፍታው አትቀልዱ። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ነው። መኪና ተሳፍራችሁ ሳነቲ ላይ ስትወርዱ 4,000 ሜትር ላይ ናችሁ። ከሁሉም ከፍ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው። ቢያንስ አንድ ሌሊት ዲንሾ ወይም ጎባ እደሩ። ራስ ምታቱ ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ፣ ወይም ሰው መንገዳገድ ከጀመረ፣ ሻይ አፍልቶ መጠበቅ አይደለም፤ ወዲያው ወደ ታች ማውረድ ነው።

1. ከመውጣታችሁ በፊት እርግጠኝነታቸው 1 ከሆኑት ውስጥ ታሪኩን የሚቀይሩትን ምረጡ። ሁሉንም ማየት አይቻልም። «ይህ ናዳ ቢሆን ምን ይፈርሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ የሚያፈርሰው ቅድሚያ ያገኛል።
2. ሸለቆውን አቋርጡ እንጂ መንገድ ብቻ አትከተሉ። መንገድ የሚሄደው ለእግር በሚመች ቦታ ነው።
3. መጀመሪያ ማዶ ቁሙ። ክምሩን ከፊት ለፊት ሳሉት። ከላዩ ላይ ቆሞ ቅርጽ አይታይም።
4. ከዚያ ሂዱና ንኩት። ድንጋዩ አንድ ዓይነት ነው ወይስ ድብልቅ? ጠርዙ ስለት ነው ወይስ የተፋቀ? በድንጋዮቹ መካከል ደቃቅ አፈር አለ? ናዳ ስለታም ጠርዝ ይተዋል። በረዶ ጎትቶ ያመጣው ድንጋይ ጠርዙ የተፈገፈገ፣ አንድ ፊቱ የተደለደለ ሊሆን ይችላል።
5. የበረዶ ጭረት ስትፈልጉ ገላጣውን ድንጋይ ብቻ አትዩ። ባዛልት ገጹ ቶሎ ይበሰብሳል። አፈር ሸፍኖት የቆየና በቅርቡ የተገለጠ ድንጋይ ጠርዝ ላይ የተሻለ ዕድል አለ።
6. በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ፎቶ፣ አቅጣጫ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። ፎቶው ውስጥ መዶሻ ወይም ሰው ይግባ፤ አለበለዚያ ቋጥኙ ይሁን ጠጠሩ ማታ አይለይም።

ኮምፓሱ ባሌ ላይ ይዋሻል። ባዛልት ማግኔትነት አለው፤ መብረቅ የመታው ጫፍ ላይ ደግሞ ይብሳል። አቅጣጫ ከወሰዳችሁ በኋላ ወደ ዒላማው ሄዳችሁ ወደ ኋላ ለኩ። ልዩነቱ 180 ካልሆነ ቁጥሩን ጣሉትና በጂፒኤስ ሁለት ነጥብ ይዛችሁ አቅጣጫውን አስሉ። ስልካችሁን ደግሞ ጃኬት ውስጥ፣ ከደረት ጋር ያዙት። በብርድ ባትሪ 40 በመቶ ላይ እያለ ድንገት ይጠፋል።

ስለታም የባልጩት ስባሪ ካያችሁ አታንሱ። ፊንጫ ሐበራ በሚባለው የባሌ ዋሻ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ይኖሩ ነበር፤ በረዶው ከበላያቸው እያለ ማለት ነው። ባልጩቱንም ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥተው ነበር የሚያመጡት። ቦታውን መዝግቡ፣ ፎቶ አንሡ፣ እለፉ።

ሲበላሽ፦ ጉም ከያዛችሁ ካላችሁበት አትንቀሳቀሱ፤ ገደሉ ቅርብ ነው። ጊዜውን ለቅርብ ሥራ ተጠቀሙበት። 50 ድንጋይ ቁጠሩ፣ ዓይነታቸውንና ጠርዛቸውን መዝግቡ። ይህ ቆጠራ አንዳንዴ ከሩቅ ዕይታ ሁሉ በላይ ይወስናል።

ደረጃ 7፦ ቅደም ተከተሉን አውጡ

አሁን ካርታ አላችሁ፤ ታሪክ ግን ገና የለም። ታሪኩ የሚወጣው ቅርጾቹ ከሚነካኩበት ቦታ ነው። ሁለት ሕግ ይበቃል። የተቆረጠው ከቆረጠው ይቀድማል። ከሥር ያለው ከላይ ካለው ይቀድማል።

1. ሁለት ቅርጽ የሚነካኩበትን ቦታ ሁሉ ካርታው ላይ ክበቡ።
2. ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ጻፉ። ሸለቆአችሁ ውስጥ ይህን አገኛችሁ እንበል፦ ሸለቆው የላቫውን ንጣፍ ቆርጧል። ሞሬኑ የሸለቆው ወለል ላይ ተቀምጧል። ወንዙ ሞሬኑን በስቶ ወጥቷል። የናዳው ድንጋይ ሐይቁ ጠርዝ ውስጥ ገብቷል።
3. እያንዳንዱን ቅርጽ ትንሽ ወረቀት ላይ ጻፉና ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። የቆየው ከታች፣ አዲሱ ከላይ። በቀስት አያይዙ።
4. የማይነካኩትን በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ተዉ። የትኛው እንደሚቀድም ማስረጃ የለም፤ አትፍጠሩ።

ሲበላሽ፦ ቀስቶቹ ዞረው ከተገናኙ፣ ሀ ከለ ቀድሞ፣ ለ ከሐ ቀድሞ፣ ሐ ከሀ ከቀደመ፣ ከሦስቱ አንዱ ሁለት ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሸለቆው ነው፤ መጀመሪያ ወንዝ ቆፈረው፣ ከዚያ በረዶ አሰፋው፣ ከዚያ ወንዝ ተመለሰበት። «ሸለቆ 1» እና «ሸለቆ 2» ብላችሁ ክፈሉት። ቀለበቱ ይፈታል።

ዕድሜ ስለመስጠት

ይህ ሁሉ የሰጣችሁ ተራ እንጂ ዓመት አይደለም። ዓመት ከፈለጋችሁ በዚያው ተራራ ላይ የተሠራ ልኬት ያስፈልጋል። የባዛልት ተራራ ላይ ይህ ቀላል አይደለም። ድንጋይ ከተገለጠ ስንት ዓመት እንደሆነው ለመለካት በብዛት የሚሠራበት የቤሪሊየም 10 ዘዴ ኳርትዝ የሚባለውን ማዕድን ይፈልጋል፤ ባዛልት ደግሞ ኳርትዝ የለውም። ስለዚህ ባሌ ላይ የተሠራበት ክሎሪን 36 የተባለው ሌላ ዘዴ ነው።

ከሌላ አገር ዕድሜ አትበደሩ። በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ታላቁ በረዶ ጫፉ ላይ የነበረው ከ20,000 ዓመት በፊት ገደማ ነው። ይህን ቁጥር አምጥቶ ባሌ ሞሬን ላይ መለጠፍ የተለመደ ነው። በባሌ የተለኩት ሞሬኖች ግን በረዶው ስፋቱን የያዘው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ መሆኑን ያሳያሉ። ቁጥሩን የተበደረ ሰው በሺዎች በሚቆጠር ዓመት ስቷል።

ያላችሁን ልኬት ከተራችሁ ጋር አስታርቁ። የጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ደለል መከማቸት የጀመረው ከ16,000 ዓመት በፊት ገደማ ነው። ስለዚህ ሰርኩ በዚያ ጊዜ ከበረዶ ነጻ ነበር። ከሐይቁ በታች፣ በሸለቆው ውስጥ፣ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ሞሬን አገኘሁ ካላችሁ ወይ ክምሩ ሞሬን አይደለም፣ ወይ ንክኪውን ገልብጣችሁ አንብባችኋል። ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።

ደረጃ 8፦ ካርታውን አጠናቅቁ

1. ቀለም በሠሪ ስጡ። እሳተ ገሞራ ቀይ፣ በረዶ ሐምራዊ፣ ውርጭ ሮዝ፣ ናዳ ቡናማ፣ ወንዝ ሰማያዊ፣ ፍልፈልና ሰው ግራጫ። የቀድሞው ፈዘዝ፣ ዛሬም የሚሠራው ደመቅ ይበል።
2. እርግጠኝነቱ 1 የሆነውን ሁሉ በሰረዝ ሙሉት። አንባቢው የታመነውን ከተገመተው መለየት አለበት።
3. ከካርታው ጎን የሸለቆውን ቁመታዊ መገለጫና የደረጃ 7ን ቀስቶች አስቀምጡ። ካርታው ያለ እነሱ የቀለም ሰሌዳ ነው።
4. መለኪያ፣ ሰሜን፣ የመጋጠሚያ ሥርዓት፣ የምስሉ ቀን፣ የመስክ ቀን ጻፉ። የምስሉን ቀን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ ረግረጉ ለምን ደርቆ እንደተሣለ የሚያስረዳው ግን እሱ ነው።
5. በጥቁርና ነጭ አንድ ጊዜ አትሙት። ሐምራዊና ቡናማው አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ ለአንዱ ነጠብጣብ ጨምሩ። የብዙ ቢሮና የዩኒቨርሲቲ ፕሪንተር ቀለም የለውም።
6. አካባቢውን ለማያውቅ ሰው ያለ ማብራሪያ ስጡት። ጣቱን እያንቀሳቀሰ የቱ እንደቀደመ ይንገራችሁ። የተደናቀፈበት ቦታ ላይ መፍትሔው ረጅም ጽሑፍ መጨመር አይደለም፤ እዚያ ያለውን መስመር ወይም ቀለም ቀይሩ።